የአኃዝ ልክና የትርጉም ልክ፦ የትምህርት መረጃ አደረጃጀታችን ከኮሶዬ ሲታይ

በትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚታተመውን የትምህርት ስታቲስቲክስ መጽሔት የሚገልጥ አንባቢ አስቀድሞ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የአሥርዮሽ ነጥብ ነው። ጥቅል ተሳትፎ፣ ንጥር ተሳትፎ፣ መጠነ ማቋረጥና መጠነ መድገም እስከ አንድ የአሥርዮሽ ቤት ተሰልተው በየክልሉ ተደርድረው ይገኛሉ። ይህ አጻጻፍ ለዐይን ያማረ ከመሆኑም በላይ በዝምታ የሚናገረው ነገር አለ፤ ይኸውም ከሠንጠረዡ በስተጀርባ ያለው ቆጠራ ከሺህ አንዱን እንኳ የማይስት ነው የሚል ነው። ዕቅድ አውጪው ይህንኑ በማመን የመጻሕፍት ኅትመት ያዝዛል፤ መምህራን ይመድባል፤ የመማሪያ ክፍል እንዲሠራ ይወስናል። አኃዙን በመጀመሪያ የጻፈው መምህር ግን በየትኛው ዐምድ ምን ዓይነት ግምት እንደሞላ ያውቃል። በእነዚህ በሁለቱ ሰዎች እውቀት መካከል ያለው ርቀት የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መገለጽ ይኖርበታል። የቀረበው ሒስ በመረጃ ሰብሳቢዎች ትጋት ላይ ያነጣጠረ አይደለም። የመረጃ ጉድለት በተነሣ ቁጥር «መምህራኑ በጥንቃቄ አይሞሉም» የሚለው ወቀሳ የተለመደ ቢሆንም፣ በጸሐፊው አስተያየት የችግሩ ሥር ያለው ከመሙላቱ በፊት ነው። መምህሩ እንዲሞላው የተሰጠው ቃል ምን ማለት እንደሆነ በበቂ ልክ ሳይወሰን ሲቀር፣ እጅግ ጠንቃቃ የሆነ ሰው እንኳ ሊሰጥ የሚችለው የተስተካከለ ግምት ብቻ ነው።

ለመመልከቻ የተመረጠችው ኮሶዬ ናት። ኮሶዬ ከጎንደር ከተማ ወደ ደባርቅ በሚያመራው መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ በገደል አፋፍ የተቀመጠች የደጋ መንደር ናት። ከአፋፉ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ከብርዳማው የገብስ ማሳ ሥር ሌላ አየርና ሌላ አዝመራ ያለው አገር ተዘርግቶ ይታየዋል። የተመረጠችው በዚያ ያለ ትምህርት ቤት የተለየ ጉድለት ኖሮበት ሳይሆን፣ ከዚህ በታች የሚነሡት የትርጉም ችግሮች በአንድ አካባቢ ተሰብስበው ስለሚታዩባት ነው። ስለሆነም በየምሳሌው የሚጠቀሰው መምህር ማንንም የሚወክል ግለሰብ አይደለም፤ ቅጽ ተሰጥቶት በአፋፉ ላይ የተቀመጠ ማናቸውም መምህር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ እጅግ ቀላል ይመስላል፤ ቦታው የት ነው? ኮሶዬ የምትገኝበት የወገራ ምድር እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር። ከዚያ በኋላ የጎንደር ክፍለ ሀገር ሆነ። በ1980 ዓ.ም. በተደረገው አዲስ የአስተዳደር አከፋፈል ጎንደር ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ተለየ፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ክልል 3፣ ቀጥሎም የአማራ ክልል ሰሜን ጎንደር ዞን ተባለ። በ2010 ዓ.ም. ሰሜን ጎንደር ለሦስት ሲከፈል ወገራ በማዕከላዊ ጎንደር ዞን ውስጥ ተመደበ፤ «ሰሜን ጎንደር» የሚለው ስም ግን ደባርቅን መቀመጫው ላደረገው ለአንዱ ክፍል ብቻ ቀረ። እንግዲህ «የሰሜን ጎንደር ተማሪዎች ቁጥር» ብሎ የሃያ ዓመት መስመር የሚሥል ባለሙያ መስመሩ በድንገት ቁልቁል ሲወድቅ ያያል። አንድም ሕፃን ከትምህርት ገበታ ሳይቀር ቁጥሩ ይወድቃል። «ወገራ» የሚለውም ስም ቢሆን በቀድሞው ጊዜ ዛሬ ራሳቸውን የቻሉ ወረዳዎችን የሚያቅፍ አውራጃ ነበር፤ አሁን የአንድ ወረዳ መጠሪያ ነው። ስሙ አንድ፣ የተሰየመው ነገር ግን ሁለት ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ከተመሠረተበት ቀን ጀምሮ የማይለወጥ መለያ ቁጥር መስጠትና አስተዳደሩን በሌላ ዐምድ ከነዘመኑ መጻፍ ይበቃል። መለያ ቁጥሩ የዞኑንና የወረዳውን ቁጥር በሆዱ የሚይዝ ከሆነ ግን አስተዳደር በተለወጠ ቁጥር ትምህርት ቤቱ እንደ አዲስ ይወለዳል፤ የቀደመ ታሪኩም ሰነድ ቤት ይቀራል።

«አንደኛ ደረጃ» የሚለው ስም የገጠመው ዕጣ ከዚህ አይለይም። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በፊት ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ነበር፤ ፖሊሲው እስከ 8ኛ ክፍል አደረሰው፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ፖሊሲ ደግሞ መልሶ እስከ 6ኛ ክፍል አደረገው። ስለዚህ «የአንደኛ ደረጃ ተሳትፎ» ብሎ ሦስቱን ዘመናት በአንድ ሠንጠረዥ የሚያስቀምጥ ጽሑፍ የክፍሎቹን ቁጥር በአጠገቡ ካልጻፈ አንባቢውን ያሳስታል። በክፍል ደረጃ የተለየ መረጃ በእጁ ያለ ባለሙያ ማስተካከል ይችላል፤ ድምሩ ብቻ የደረሰው ግን ምንም ማድረግ አይችልም። መረጃን በዝርዝሩ አስቀምጦ መደመርን ለተጠቃሚው መተው የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ የተዘረዘረውን ሁልጊዜ መደመር ይቻላል፤ የተደመረውን ግን መልሶ መዘርዘር አይቻልም።

ከስም ወደ ዕድሜ ስንሻገር ነገሩ ይከብዳል። ንጥር ተሳትፎ የሚባለው ምጥጥን በላዕሉ ላይ ዕድሜያቸው ለደረጃው የተወሰነላቸውን ተማሪዎች፣ በታህቱ ላይ በዚያው ዕድሜ ያሉ ሕፃናትን ሁሉ ይይዛል። ሁለቱም የተመሠረቱት «ዕድሜ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአዲስ መልክ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜ በአብዛኛው የሚታወቀው በእናቱ ትውስታ ነው። የእናት ትውስታ ደካማ መረጃ ነው የሚል አስተሳሰብ ሊኖር አይገባም። «የታላቁ ውርጭ ዓመት፣ ከፋሲካ ሳምንት አስቀድሞ» የምትል እናት የሰጠችው ምልክት ከዓመቱም አልፎ እስከ ሳምንቱ የሚያደርስ ነው። ቅጹ ግን ለፋሲካም ሆነ ለውርጭ ቦታ የለውም፤ የሚጠይቀው አንድ አኃዝ ነው። መምህሩም የ1ኛ ክፍል ተማሪ በመሆኑ ብቻ «7» ብሎ ይጽፋል። በዚህ ጊዜ ዕድሜ ራሱን የቻለ መረጃ መሆኑ ያከትማል፤ የክፍሉ ጥላ ይሆናል። ከክፍል የተቀዳ ዕድሜ ደግሞ ተማሪው በዕድሜው ተገቢ ክፍል ውስጥ መሆኑን ሁልጊዜ ያረጋግጣል! ንጥር ተሳትፎው ከፍ ብሎ መታየቱ ከዚህ በኋላ አያስደንቅም። በሕዝብ ቆጠራዎቻችንም በዜሮና በአምስት በሚጨርሱ ዕድሜዎች ላይ የሚታየው ክምችት የዚሁ የግምት ልማድ ምልክት ነው።

ታህቱ ደግሞ የሚመጣው ከሕዝብ ቆጠራ ትንበያ ነው። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ቆጠራዎች ተካሂደዋል፤ ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል። ስለዚህ ብዙዎቹ ምጥጥኖቻችን የተንጠለጠሉት በ1999ኙ ላይ ነው። የዚያ ቆጠራ ውጤት የአማራ ክልልን ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ያህል አድርጎ ባወጣ ጊዜ፣ አስቀድሞ በትንበያ ከሚጠበቀው በ2 ሚሊዮን ገደማ በማነሱ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጭምር ጥያቄ ተነሥቶበት እንደነበር ይታወሳል። ከሁለቱ አኃዞች የትኛው ለእውነት ይቀርባል የሚለውን ለሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ትተን፣ ለትምህርት ያለውን ትርጉም ብቻ እናስላ። የተማሪዎቹ ቁጥር ሳይለወጥ፣ የሕፃናቱም ድርሻ እኩል ነው ቢባል፣ በ17.2 ሚሊዮን ታህት 100 በመቶ የሆነ ጥቅል ተሳትፎ በ19.2 ሚሊዮን ታህት ወደ 90 በመቶ ይወርዳል። አሥር የመቶኛ ነጥብ የሚያወዛውዝ ታህት ባለበት ሠንጠረዥ ላይ ከነጥብ በኋላ አንድ አኃዝ ማተም ምን ፋይዳ አለው? ጥቅል ተሳትፎ ከ100 በላይ ሲሆን የተለመደው ማብራሪያ «ከዕድሜያቸው ያለፉ ተማሪዎች ስላሉ ነው» የሚል ነው። ማብራሪያው እውነትነት አለው፤ ብቻውን ግን በቂ አይደለም።

ከዚህ የተሻለ ሥራ በአገራችን ሊሠራ አይችልም እንዳይባል ምሳሌው ከኮሶዬ ብዙም ሳይርቅ በዚያው መንገድ ላይ ይገኛል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያን ጊዜ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ሳለ፣ በ1989 ዓ.ም. በዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አቋቁሟል። በተመረጡት ቀበሌዎች ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብና ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ቁጥር እየተሰጠ፣ መዝጋቢዎች በየስድስት ወሩ እየተመላለሱ ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ የተደረገ ፍልሰትን ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ልደቱ በተከሰተበት ወቅት የተመዘገበ ሕፃን ትምህርት ቤት ሲደርስ ዕድሜው ጥያቄ ሊሆን አይገባም ነበር። የጤናው መዝገብና የትምህርት ቤቱ መዝገብ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ፣ ቢያንስ በነዚያ ቀበሌዎች፣ መምህራን የሚጽፉት ዕድሜ ከእውነተኛው ምን ያህል እንደሚርቅ መለካት፣ ያንንም ስሕተት ለቀሩት ወረዳዎች እንደ ማረሚያ መጠቀም ይቻል ነበር። እንዲህ ያለ ጥናት ለማንኛውም የመምህራን ኮሌጅ ተመራቂ የሚከብድ አይመስለንም።

እዚህ ላይ አንድ ንድፈ ሐሳብ ማንሣት ይጠቅማል። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ስቲቨንስ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጽሑፍ መለኪያዎችን በአራት ደረጃ ከፍሏል። የመጀመሪያው ስም ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ለምሳሌ የቀበሌ ቁጥር። ሁለተኛው ተራ የሚያሲዝ ነው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እንደሚባለው። ሦስተኛው በእርከኖቹ መካከል ያለው ልዩነት እኩል የሆነበት ነው፤ የዓመተ ምሕረት ቁጥር እንደዚህ ነው። አራተኛው እውነተኛ ዜሮ ያለው ነው፤ የተማሪዎች ብዛትና የመንገድ ርዝመት በዚህ ይመደባሉ። አከፋፈሉ በስታቲስቲክስ ሊቃውንት ዘንድ ክርክር ያስነሣ ቢሆንም፣ ለትምህርት ቤት ሥራ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ጠቃሚ ነው፤ በታችኛው ደረጃ የተሰበሰበ መረጃ የላይኛውን ደረጃ ስሌት አይሸከምም።

ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ተራ ናቸው። የጂኦግራፊ መጻሕፍት የደጋን መነሻ አንዳንዶቹ 2,300፣ ሌሎቹ 2,400 ሜትር ላይ ቢያደርጉም ገበሬው በሚዘራው እህል ስለሚለየው አይቸገርም። የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን የሚሰጠው ከ1 እስከ 4 ያለው ደረጃም ተራ ነው። ደረጃ 4 የሆነ ትምህርት ቤት ደረጃ 2 ከሆነው እጥፍ ይሻላል ማለት ግን አይደለም፤ ከ1 ወደ 2 ለመውጣት የሚጠይቀው ጥረትም ከ3 ወደ 4 ለመውጣት ከሚጠይቀው ጋር እኩል ስለ መሆኑ ማረጋገጫ የለም። እንዲህም ሆኖ «የወረዳው አማካይ ደረጃ 2.3» የሚል ዓይነት አገላለጽ በሪፖርት ላይ ቢገኝ የሚደነግጥ ሰው ጥቂት ነው። በየደረጃው ስንት ትምህርት ቤት እንዳለ መጻፍ ከአማካዩ ያጠረ ሥራ ከመሆኑም በላይ እውነቱን ሳያዛባ ያስተላልፋል።

የርቀት ዐምድ ደግሞ ተቃራኒውን ጉድለት ያሳያል። በዚህ ላይ ቅጹ የሚጠይቀው መለኪያ ከፍተኛው ደረጃ ነው፤ ኪሎ ሜትር። ዜሮው እውነተኛ፣ ልዩነቱ እኩል፣ በካርታ የሚረጋገጥ ነው። ነገር ግን በኮሶዬ አፋፍ ላይ ኪሎ ሜትር ምን ይነግረናል? በካርታ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ መንገድ በገደሉ ጥምዝ መውጫ ላይ ሲሆን የአንድ ሕፃን የሁለት ሰዓት ጉዞ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ኪሎ ሜትር መውጣትንና መውረድን አይለይም። ከሥር የሚመጣው ልጅ ጠዋት በባዶ ሆድ ሽቅብ ይወጣል፤ ማታ ደክሞት ቁልቁል ይወርዳል። በአፋፉ ላይ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ባልንጀራው በዚያው ሦስት ኪሎ ሜትር ሜዳ ሜዳውን ሄዶ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። በቅጹ ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። የአገሩ ሰው «የስንት ሰዓት መንገድ ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሜትር ስለማያውቅ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው፤ የሚፈልገው ነገር ጊዜና ድካም ስለሆነ ትክክለኛውን መለኪያ መርጦ ነው። «ሰዓት» ከኪሎ ሜትር ይልቅ ሻካራ ቢመስልም ለውሳኔው የቀረበ ነው። በክረምት ወንዝ የሚሞላበት ከሆነ ደግሞ መስከረም ላይ ርቀቱ በሰዓትም አይገለጽም፤ መንገዱ የለም።

ይህ ምሳሌ የሚያስረዳው ልከኝነት ሁለት ነገር መሆኑን ነው። አንዱ የአኃዙ ጥራት ሲሆን ሌላው አኃዙ ለተፈለገበት ጉዳይ ያለው ቅርበት ነው። ቅጽ አዘጋጆች ስለ መጀመሪያው ብዙ ሲጨነቁ ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው በስብሰባው ላይ አይገኝም። የሚፈለገው ሳተላይት ትምህርት ቤት የት ይሠራ ለማለት ከሆነ፣ በሕፃን እግር የሚወስደውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት እርከን መጠየቅ ይበቃል።

ከሁሉ የከበደው ግን «ማንበብና መጻፍ የሚችል» የሚለው ቃል ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በገጠርም በከተማም እጅግ ብዙ ሕዝብ ያንቀሳቀሰ ሥራ ነበር። በ1980 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን የዓለም አቀፉን የንባብ ማኅበር ሽልማት ማግኘቱም የሚታወቅ ነው። በዘመቻው የተመዘገቡ፣ ተከታትለው ለፈተና የቀረቡ፣ ፈተናውን አልፈው የምስክር ወረቀት የተቀበሉ ተለይተው ይቆጠሩ ነበር፤ ይህም ለጊዜው የሚመሰገን አደረጃጀት ነው። ችግሩ የመጣው በየዙሩ የምስክር ወረቀት የተሰጣቸውን ደምሮ «በአገሪቱ ያለው የተማረ ሕዝብ» ለማለት በተሞከረ ጊዜ ነው። የምስክር ወረቀት መቀበል በአንድ ቀን የሚፈጸም ድርጊት ነው፤ ማንበብ መቻል ግን የሰው ሁኔታ ነው። ድርጊት ይደመራል፤ ሁኔታ ይለወጣል። በሁለተኛው ዙር ፊደል ቆጥሮ ከዚያ በኋላ የሚነበብ ወረቀት ያላየ ገበሬ በአሥረኛው ዙር ዘመን ያነብ እንደሆነ የሚያውቀው ጠይቆ ያስነበበው ሰው ብቻ ነው። ይህን የምናነሣው የዘመቻውን ዋጋ ለማሳነስ አይደለም፤ ሥራውን በሚገባው መለኪያ ማክበር ይገባል ብለን ነው።

በ1958 (እ.ኤ.አ.) ዩኔስኮ ያወጣው ትርጉም ስለ ዕለት ኑሮው አጭርና ቀላል ዓረፍተ ነገርን ተረድቶ ማንበብና መጻፍ የሚችልን ሰው ይመለከታል። በ1978 ደግሞ ከኑሮ ተግባር ጋር የተያያዘ ሰፋ ያለ ትርጉም ታከለበት። የሕዝብ ቆጠራ ግን ማንንም አያስነብብም፤ የቤቱን አባል ጠይቆ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ ይጽፋል። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቻችን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የተሻለ ዘዴ ይዘው መጥተዋል፤ በካርድ ላይ የታተመ ዓረፍተ ነገር ለመላሹ ይሰጠዋል፤ ጠያቂው ምንም ማንበብ አልቻለም፣ በከፊል አነበበ፣ ሙሉውን አነበበ ብሎ ይለያል። የ2008ቱ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 42 በመቶው፣ ከወንዶች 69 በመቶው ማንበብ የሚችሉ ናቸው ሲል፣ በከፊል ያነበቡትን እንደሚጨምርና ሁለተኛ ደረጃ የደረሱትን ሳይፈትን እንደተቀበላቸው አብሮ መታወቅ አለበት። አንባቢው ሁለቱን ሁኔታዎች ካወቀ አኃዙ የሚታመን ነው፤ ካላወቀ ግን ከ1958ቱ ትርጉም ጋር ያምታታዋል።

ለጎንደር ሰው ይህ በደረጃ የመለየት ዘዴ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት «ማንበብ ይችላል» ተብሎ በደፈናው አይነገርም። በንባብ ቤት ልጁ በመጀመሪያ እያንዳንዱን ፊደል እየለየ በቁጥር ያነባል፤ ከዚያም ወደ ግዕዝ ንባብ፣ የድምፅን አነሣስና አጣጣል ወደሚማርበት ወደ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ያለ መሰናክል ወደሚወርድበት ወደ ቁም ንባብ ይሻገራል። ከዚያ በኋላ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት አሉ። «እገሌ ዳዊት ደግሟል» ሲባል ሰሚው ሁሉ ልጁ ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል፤ የሚጠራጠርም ካለ መጽሐፉን ዘርግቶ በአንድ አፍታ ሊያረጋግጥ ይችላል። ሥርዓቱ መቶኛ የለውም፤ አማካይም አያሰላም። እርከኑ ግን በሚታይና በሚሰማ ተግባር የተተረጐመ ስለሆነ በአንዱ ደብርና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። ጉድለቱንም አለመደበቅ ይገባል፤ ዳዊት የደገመ ልጅ የሚያነበውን ግዕዝ ትርጉም ገና ላያውቅ ይችላል፤ ትርጉሙ የሚመጣው በቅኔ ቤትና ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ ይህን ስለሚያውቅ ንባብን ንባብ ብሎ ይጠራዋል እንጂ መረዳት ብሎ አይጠራውም።

በዘመናዊው ትምህርት ቤት የዚህን ያህል ጥርት ያለ ሥዕል የተገኘው ዘግይቶ፣ በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ፈተና ነው። ተማሪዎች አንድ በአንድ ተጠርተው እንዲያነብቡ ሲደረግ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ፣ ከ3ኛ ክፍል ተማሪዎች 20 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች በዓመታዊው መጽሔት ላይ «ተሳታፊ» ነበሩ፤ ብዙዎቹም «የተዛወሩ» ነበሩ። «ተዛወረ» የሚለው ቃል ዓመቱን አሳለፈ ከማለት በቀር ሌላ ነገር እንደማይናገር ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። እንግዲህ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል መምህር በሮስተሩ ላይ በመቶኛ ከሚሞላው የቋንቋ ውጤት ጎን አራት እርከን ያለው የንባብ ዐምድ ቢኖረው ምን ይከብዳል? ፊደል ይለያል፤ ቃል ያነባል፤ ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ያነበበውን ይናገራል። 73 እና 76 በሚሉ ውጤቶች መካከል ያለውን ልዩነት መምህሩ ራሱ ሊያስረዳ አይችልም፤ በነዚህ እርከኖች መካከል ያለውን ግን የልጁ እናት እንኳ ታረጋግጠዋለች።

ከዕቅድ አውጪዎች በኩል የሚሰማ ተቃውሞ አለ፤ እሱም ቸል የሚባል አይደለም። ለኅትመት የሚታዘዘው መጽሐፍ አንድ ቁጥር ይፈልጋል፤ በጀት ሲደለደል «በግምት» የሚል ደብዳቤ ገንዘብ አያስለቅቅም፤ እርከንና ማስታወሻ የበዛበት ሪፖርት ደግሞ አይነበብም ይላሉ። እውነት ነው። ሻካራ ቁጥር ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ እንዲያውም ለመጽሐፍ ኅትመት ከአምስት እስከ አሥር በመቶ መጠባበቂያ የሚይዝ ሰው የዕድሜውን ጉዳይ ጨርሶ ሊተወው ይችላል። የሚጎዳው ሻካራነቱ ሳይሆን ሻካራነቱ ተሸፍኖ ሲያልፍ ነው። 90 ገደማ ተብሎ የተጻፈ አኃዝ ጠንቃቃ ውሳኔ ያስወስናል፤ 92.6 ተብሎ የተጻፈ ግን ከአምና 91.8 ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱም «ዕድገት» ተብሎ ለምክር ቤት ይቀርባል። ወረዳዎች በዚህ ልዩነት ይመሰገናሉ፤ ይወቀሳሉም።

ውዝግቡ እጅግ የሚከፋው «አቋረጠ» በሚለው ዐምድ ላይ ነው። በደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የገብስ አጨዳ ሲደርስ የሚቀርና ጥር ላይ የሚመለስ ልጅ አለ። ከዘመድ ዘንድ ሄዶ በሌላ ወረዳ የተመዘገበ አለ፤ እዚህ «አቋረጠ»፣ እዚያ «አዲስ ገቢ» ተብሎ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ያገባች ልጅ አለች፤ የሞተም አለ። ሁሉም በአንድ ቃል ይጠቃለላሉ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ዓይነት ተጨምሯል። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ እስከ ዳባት ገጠር ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተከሠተው ግጭት ምክንያትም በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆነው ከርመዋል። በሩ የተዘጋበትን ልጅ «አቋረጠ» ብሎ መመዝገብ ድርጊቱን ለልጁ መስጠት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደዚያው ክፍል ሲመለስም «ደጋሚ» ይባላል፤ የደገመው ነገር ግን የለም። ነገ የመጠነ ማቋረጥንና የመጠነ መድገምን መንስኤ የሚያጠና ተመራማሪ የወላጆችን ግንዛቤ ማነስ፣ የተማሪዎችን ፍላጎት መቀነስ እያለ ምክንያት ሲደረድር ይታየናል፤ መረጃው ሌላ አያሳየውም።

መምህሩ ግን ያውቃል። በስም መጥሪያው ጠርዝ ላይ፣ «ምርመራ» በሚለው ጠባብ ዐምድ ውስጥ፣ በእርሳስ የተጻፉ አጫጭር ቃላት ይገኛሉ፦ «ቆላ ወርዷል፣ ለጥር ይመለሳል»፤ «ጎንደር አክስቱ ጋ»፤ «ተድራለች»፤ «ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር»። ከቅጹ ሁሉ የነጠረው መረጃ ይኸው ነው። ወደ ጉድኝት ማዕከሉ የሚላከው ማጠቃለያ ቅጽ የምርመራ ዐምድ የለውም።